ከንግግሩ ጀርባ የታተመው ንግርት

ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቀበና ወንዝ ዳር ተወልጄ ያደግሁ፣ ከስምንተኛ ክፍል በላይ ያልዘለቅሁ፣ ግን እጄ የገባውን ወረቀት፣ የስኳር መጠቅለያም ቢሆን፣ ሳላነብ የማልጥል ልጅ ነበርኩ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የስንብቴ ዕለት አንዲት ወጣት ጸሐፊ፣ "እትዬ አስካለ፣ ፎቶ ኮፒ ሳይኖር ያ ሁሉ ፈተና እንዴት ይባዛ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ማባዣው መኪና ልነግራት ነበር የጀመርኩት። ወሬው የት አደረሰኝ መሰላችሁ? ጋሽ ወልዴ ዓይን ላይ። እንግዶቹ ሲነሡ የልጅቷ ሻይ ሳይነካ ቀዝቅዞ ነበር። ለእሷ ሳልጨርስላት የቀረሁትን እዚህ ልጨርሰው።

ከየካ ተራራ ሥር ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጀመሪያ የተቀጠርኩት በተላላኪነት ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለታናሽ እህቴ ለሰናይት ደብተር ይበቃ ነበር፤ ሌላውን አላነሣም። ታይፕ የተማርኩት ታይፕ ሳይኖረኝ ነው። አራት ኪሎ ከአንድ የጽሕፈት ማስተማሪያ ቤት መስኮት ሥር እየቆምኩ የቁልፎቹን አቀማመጥ በልቤ ያዝኩና፣ ቤት ገብቼ በሳሙና ካርቶን ላይ በከሰል ሣልኩት። ካርቶኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጣቶቼን ሳሯሩጥ ሰናይት፣ "ዛሬ ደግሞ ለማን ጻፍሽ? መልሱ ከዘገየ ፖስታ ቤት ሄጄ ልጠይቅልሽ?" ትለኛለች። ምላሷ ገና ያን ጊዜ የሰላ ነበር።

የማባዣ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ወልዴ ነበሩ። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች፣ ባሕር ዛፍ ውስጥ ካለች ቤታቸው ጠዋት ጠዋት በእግራቸው ይወርዳሉ። ካፖርታቸው የባሕር ዛፍና የማተሚያ ቀለም ይሸታል። አንድ ቀን ደብዳቤ ላስፈርም መጥቼ ስጠብቅ፣ ጣቶቼ አግዳሚው ወንበር ላይ ሲሮጡ አዩ። ያኔ ዓይናቸው ያይ ነበር።

"ምንድን ነው የምትጽፊው?" አሉኝ።

"የእርስዎን ስም።"

"ስንት ስሕተት አለበት?"

"አንድ።"

"እንግዲያው ነይና አርሚው" አሉና ታይፑ ፊት አስቀመጡኝ። የተላላኪነት ዘመኔ በዚያ አበቃ።

ለዚያች ወጣት እንደ ነገርኳት ነው የምጽፈው። ስቴንስል የሚባለው ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው። የታይፑን ጥብጣብ ታነሺና ፊደሉ ራሱ ሰሙን እንዲበሳው ታደርጊያለሽ፤ ቀለሙ በዚያች ቀዳዳ አልፎ ወረቀት ላይ ያርፋል። ጠንክረሽ ከመታሽ እንደ ዐ እና እንደ ፀ ያሉት ፊደሎች ሆዳቸው ተቆርጦ ይወድቅና ጥቁር ነጥብ ሆነው ይወጣሉ። ከፈራሽ ደግሞ አይበሳም። "ፀን እንደ ሕፃን ጉንጭ ንኪው" ይሉኝ ነበር ጋሽ ወልዴ። የተሳሳትሽውን በቀይ ማረሚያ ትቀቢያለሽ፣ እፍ እፍ ብለሽ ታደርቂያለሽ፣ በላዩ ትመቺያለሽ። በክረምት ከቀበና ወንዝ የሚነሣው ጭጋግ ወረቀቱን ያሳብጠዋልና ምድጃ ለኩሰን እናሞቀዋለን፤ ያበጠ ወረቀት መኪናው ውስጥ ገብቶ ይነክሳል። እጅ የሚታጠበው በላምባና በአመድ ነው። ጋሽ ወልዴ ጥፍራቸው ሥር ቀለም ይዘው ከግቢ ወጥተው አያውቁም። "ቀለም ያለበት እጅ በዚህ ዘመን ያስጠይቃል" ይላሉ።

እውነታቸውን ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በበራሪ ወረቀት ምክንያት በከተማው ስንት ወጣት እንዳለቀ የማያውቅ አልነበረም። ማባዣ መኪና እንደ ጦር መሣሪያ ነበር የሚታየው። ቁልፉ የሚያድረው የትምህርት ቤቱ የፖለቲካ ጉዳይ ኃላፊ፣ ጓድ ደምሴ፣ ዘንድ ነበር። ጓድ ደምሴ ቀድሞ የስፖርት አስተማሪ ሳለ ፊሽካ ካንገቱ አይወርድም ነበር፤ በኋላ ፊሽካው ወርዶ ሽጉጥ ወገቡ ላይ ወጣ። የምናትመው ሁሉ የእሱ ፊርማ ሊኖርበት ይገባል።

ከጋሽ ወልዴ ልማዶች ሁሉ ግቢው በሙሉ የሚያውቀው አንድ ነበር፤ ጀርባ ማንበብ። ወረቀት እጥረት ስለ ነበር ያንድ ወገን የታተመበትን አሮጌ ወረቀት እየሰበሰብን ባዶ ጀርባው ላይ እናትማለን። ጋሽ ወልዴ ታዲያ የእያንዳንዱን ወረቀት አሮጌ ፊት ሳያነቡ መኪናው ውስጥ አያስገቡም። በወጣትነታቸው በሠሩበት ማተሚያ ቤት፣ አንድ ባልደረባቸው የሠርግ መጥሪያ ጀርባ ላይ የተዝካር መጥሪያ አትሞ፣ ሁለቱ ቤተ ሰቦች አጥር ተሻግረው ሊደባደቡ ደርሰው ነበር አሉ። "ወረቀት ሁለት ፊት አለው፤ አንዱን ብቻ አንብቦ የሚያምነው ጅል ነው" ይላሉ። መምህራኑ፣ "ጋሽ ወልዴ ጀርባውን ሳያዩ ሰውም አይጨብጡ" እያሉ ይቀልዱባቸዋል። ተማሪዎቹ ደግሞ የፈተና ወረቀት ሲቀበሉ እንደ እሳቸው ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው፣ ገልብጠው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ያሾፋሉ።

ዓይናቸው መድከሙን መቼ እንዳወቅሁ በትክክል መናገር አልችልም። መጀመሪያ፣ "አንብቢልኝ፣ ንባብሽ ይጠንክር" ማለት ጀመሩ። ደስ አለኝ፤ ላስተምርሽ ማለታቸው መሰለኝ። ቀጥሎ ሰውን በእርምጃው መለየት አመጡ። ከዚያ ደግሞ ከመኪናው ወደ በሩ ሲሄዱ ግድግዳውን በአውራ ጣታቸው ነካ እያደረጉ እንደሆነ አየሁ። አንድ ቀን ፍራቻዬን ውጬ፣ ሐኪም ቢያዩ ምን ይመስልዎታል አልኳቸው። የምሠራበትን ክፍል ከነቀዳዳው አውቀዋለሁ፣ ሐኪም ምን ይጨምርልኛል ብለው ዘጉኝ። ልጅ የላቸውም፤ ሚስታቸው ሞታለች፤ ያች ክፍል ነበረች ያላቸው። ስለዚህ እኔ ዓይን ሆንኩ፣ እሳቸው እጅ ሆኑ። የጻፍኩትን ስቴንስል ሁለት ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና፣ "ሁለተኛው መስመር ላይ አንድ ቃል ዘለልሽ" ይሉኛል። የሰሙትን አይረሱም ነበር።

የታሪክ አስተማሪው ኅሩይ በዕድሜ እኩያዬ ስለ ነበር አንተ አንቺ እንባባል ነበር። እሱ የሚሰጠኝን ጽሑፍ ለመጻፍ እቸኩላለሁ፤ የኔ ትምህርት ቤት እሱ ነበር ማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት ለዐሥራ አንደኛ ክፍል ስለ ጥንት ግሪኮች ሃይማኖት የምትናገር አንዲት ገጽ አዘጋጀ። ጓድ ደምሴ ርእሱን አይቶ፣ ሃይማኖት የገዢው መደብ መሣሪያ እንደ ነበረ ይገለጥ ብሎ ፈረመባት።

እንዴት ያለች ገጽ መሰለቻችሁ። ግሪኮች ጦር ከማዝመታቸው፣ አዲስ አገር ከማቅናታቸው፣ ሕግ ከመለወጣቸው በፊት አማልክታቸውን የሚጠይቁበት የንግርት ስፍራ ነበራቸው። ከሁሉ የከበረው ዴልፊ የሚባለው ተራራ ላይ ነው። እዚያ አንዲት ሴት በሦስት እግር ወንበር ተቀምጣ የአምላኩን ቃል ትናገራለች፤ ካህናቱ ተቀብለው ለጠያቂው ያደርሱታል። ሴትዮዋ ከባላገር ቤት የተገኘች ብትሆን፣ ያልተማረች ብትሆን ግድ የለም፤ ንጉሥ መጥቶ በሯ ላይ ተራውን ይጠብቃል። ከመጠየቁ በፊት አንዲት ፍየል ቀዝቃዛ ውኃ ይረጩባታል። ከተንቀጠቀጠች አምላኩ ፈቅዷል ማለት ነው፤ ካልተንቀጠቀጠች በዚያ ቀን አይጠየቅም። ይህን ሳነብላቸው ጋሽ ወልዴ፣ "የእንጦጦ ፍየል ብትሆን ዓመቱን ሙሉ ሥራ አይፈቱም ነበር" ብለው አሳቁኝ። ዶዶና የሚባል ሌላ ስፍራ ደግሞ ነበር፤ እዚያ የሚናገረው ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ ሲንሾካሾክ ካህናቱ ያዳምጣሉ። ወደዚያ ተራው ሰው ሁሉ ይሄዳል፤ ልጄ ይድናል ወይ፣ መርከብ ልሳፈር ወይ፣ የጠፋው ወንድሜ በሕይወት አለ ወይ እያለ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ስደርስ ታይፔ ቆመ። ያን ሰሞን የቀበና እናቶች ልጆቻቸው ሰሜን ዘምተው ወሬያቸው ሲጠፋ፣ እንጦጦ ጥግ ወዳለች አንዲት አዋቂ ሴት ተደብቀው ይወጡ ነበር። የጓድ ደምሴ እናት ሳይቀሩ። የሁለተኛ ልጃቸው ድምፅ ከጠፋ ቆይቶ ነበርና፣ ነጠላቸውን አፋቸው ድረስ ተከናንበው በደጃችን ሲያልፉ በዓይኔ አይቻለሁ።

የገጿ መጨረሻ እንዲህ ይል ነበር። የአንዲት ግሪክ ከተማ ሰዎች ታላቅ ጦር ሲመጣባቸው ወደ ዴልፊ ላኩ። ንግርተኛዋም፣ "ወይ አገራችሁ ትጠፋለች፣ ወይ ንጉሣችሁ ይሞታል" ብላ መለሰችላቸው።

ስቴንስሉን ጻፍኩ፤ ለጋሽ ወልዴ አነበብኩላቸው፤ በልባቸው ያዙት። ወረቀት አልቆ ስለ ነበር ከአስተዳደር አሮጌ ክምር መጣልን። "ምንድን ነው?" አሉኝ። የላይኛውን አንሥቼ ያምናው የጂኦግራፊ ፈተና ነው አልኳቸው። ይህን እንዳልኩ ከቢሮ ለስብሰባ ጽሑፍ ተጠራሁና ሄድኩ። ስመለስ ሥራው አልቆ፣ ታስሮ፣ ለኅሩይ ተሰጥቷል። ጋሽ ወልዴ እጃቸውን በአመድ እያሹ ነበር።

ማታ ሰናይት ደብተሯን ዘርግታ ሳለ፣ "ይህቺ የናንተ ንግርተኛ ደፋር ናት" አለችኝ። ሰናይት የኅሩይ ተማሪ ነበረች። ቀልዷ መስሎኝ ቀና አልኩ፤ ፊቷ ግን አልሳቀም። ወረቀቷን ገልብጣ ሰጠችኝ። ጀርባው ላይ የጂኦግራፊ ፈተና የለም። ለውይይት ክበቡ ተባዝቶ የተረፈው የአገሪቱ መሪ የዘመቻ ጥሪ ንግግር ነበር። ከክምሩ ላይኛው ፈተና፣ ታችኛው ንግግር ነበር ማለት ነው። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ፣ ራስጌና ግርጌውም ተዘዋውሮ ስለ ታተመ፣ ወፍራሙ የንግግሩ ርእስ ወደዚህ ወገን ግርጌ ዘልቆ ይታያል። "ንጉሣችሁ ይሞታል" የሚለው መስመር የመሪው ማዕረግ ላይ ተደርቦ ነበር የተቀመጠው። አስቦ የሠራው ሰው እንኳ እንዲህ አያሳምረውም።

"ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው ደርሶታል?" አልኳት።

"ከኋላ የተቀመጥነው።"

"ማን አየው?"

"እኔ አይቻለሁ። የቀረው የነገሩኝን ብቻ ነው የማውቀው፤ የነገረኝ ደግሞ የለም" አለችኝ። በዚያ ዘመን ልጆች እንዲህ መናገር ያውቁ ነበር።

በማግስቱ ኅሩይን ከደወል በፊት በር ላይ ያዝኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ክፍል ገብቶ፣ በጽሑፉ ላይ ስሕተት ተገኝቷል፣ ሌላ ይሰጣችኋል ብሎ ወረቀቶቹን ሰበሰበ። አንዲት ጎደለች። የጎደለችበት ተማሪ አንገቱን ደፍቶ፣ አሮጌ ደብተሩን ሲሸጥ አብራ ሄዳለች አለ። ቀበና ድልድይ አጠገብ ሐጂ ሰዒድ የሚባሉ ባለ ሱቅ ነበሩ፤ የተማሪ ወረቀት በኪሎ እየገዙ፣ ጠቅልለው፣ ስኳርና ኦቾሎኒ ይሞሉበታል።

እየሮጥኩ ወረድኩ። ሐጂ ሰዒድ አባቴን ያውቁ ነበርና እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። የማይረባ ሰበብ ፈጥሬ የጥቅልሉን ክምር አንድ በአንድ ገለጥኩ። የለችም። እሳቸው አዩኝ አዩኝና፣ "ልጄ፣ ባንዱ ጎን የግሪክ ነገር፣ ባንዱ ጎን የመንግሥት ነገር ያለበትን ከሆነ የምትፈልጊው፣ ጠዋት በቀለ ኦቾሎኒ ገዝቶበታል" አሉ። በቀለ የቀበሌው ጥበቃ ነው። "ኦቾሎኒውን በልቶ ወረቀቱን ይጥላል ብዬ ነበር። ቆሞ ያነበው ጀመር። ፊደል በጣቱ እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያነቃነቀ፣ ዳር እስከ ዳር። ከመቼ ወዲህ ነው ይህ ሰው ማንበብ የቻለው?"

መልሱን አውቀዋለሁ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በቀለን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያገኘኸውን ሁሉ አንብብ፣ የመጠቅለያም ወረቀት ቢሆን አትናቅ እያልኩ የመከርኩት እኔው ነኝ። ጎበዝ ተማሪዬ ነበር።

ከቀትር በኋላ ጋሽ ወልዴን፣ ኅሩይንና እኔን ጠሩን። ጓድ ደምሴ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷታል፤ የኦቾሎኒው ጨው አልረገፈም። ውጭ መኪና ቆሟል። ሾፌሩ ሞተሩን አላጠፋም። ያ መኪና ወዴት እንደሚወስድ፣ የወሰደውንም ስንቱን እንዳልመለሰ፣ ሁላችንም እናውቃለን።

"ማን አተመው?" አለ።

"እኔ" አሉ ጋሽ ወልዴ።

"ከንግግሩ ጀርባ መሆኑን ያውቁ ነበር?"

ጥፍራቸውን በአውራ ጣታቸው ፈተጉ።

"እኔ ልንገርዎት" አለ ጓድ ደምሴ፣ ድምፁን ሳያነሣ። "እዚህ ግቢ ከዘበኛው እስከ ዳይሬክተሩ የሚያውቀው፣ ጋሽ ወልዴ ጀርባውን ሳያነቡ ወረቀት መኪና ውስጥ እንደማያስገቡ ነው። እኔም ስንት ጊዜ ቀልጄብዎታለሁ። ስለዚህ አንብበዋል። አንብበው ነው ያተሙት።"

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ሌላ ማንም ሰው ያተመው ቢሆን ተሳሳተ ይባል ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስማቸውን ያስጠራላቸው ልማድ ዞሮ እንደ ገመድ ተጠመጠመባቸው። እሳቸውም ገብቷቸዋል። አውራ ጣታቸው የወንበሩን ጠርዝ ይዳብስ ነበር።

ጓድ ደምሴ ወደ ኅሩይ ዞረ። ይህች ሴትዮ ማን ናት፣ ንጉሡስ ማን ነው ብሎ ጠየቀው። ኅሩይ ድምፁ እየተቆራረጠ ማስረዳት ጀመረ። ንግርት የግሪኮች ሃይማኖት ምሰሶ እንደ ነበር፣ ትልልቁ ነገር ሳይጠየቅ እንደማይደረግ፣ ሰው ወደዚያ የሚወጣው የወደፊቱን ለማወቅ ብቻ ሳይሆን ፍርሃቱን የሚያራግፍበት ቦታ ስለሚሻ እንደ ነበር ነገረው። ሲናገር ድምፁ እየጠና ሄደ። አስተማሪ ነዋ፤ ትምህርቱ ውስጥ ሲገባ መኪናውን ረሳው።

"መልሱ ክፉ የሆነ ቀንስ?" አለ ጓድ ደምሴ።

"ሰምተው ይመለሱ ነበር። ንግርተኛዋን አይነኳትም።"

"እዚህ ዴልፊ አይደለም።"

"አይደለም" አለ ኅሩይ።

ጓድ ደምሴ በመስኮቱ ወደ እንጦጦ አየ። ከዚያ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ "የትኛው ሆነ? አገሪቱ ጠፋች ወይስ ንጉሡ ሞተ?" አለ።

ኅሩይ እኔን አየኝ። መልሱ ጽሑፉ ላይ ያልገባ ነበር። "ንጉሡ ሞተ" አለ። "አገሪቱ ተረፈች።"

ጓድ ደምሴ ተነሣና ቀበቶውን አስተካከለ። "እንግዲህ ይህን እዚያ ለሚጠይቁህ ታስረዳለህ። ሽማግሌውም አብረው ይሂዱ" አለ።

"ጋሽ ወልዴ አያዩም" አልኩ።

ከየት እንደ ወጣኝ አላውቅም። ጋሽ ወልዴ ወደ ድምፄ ዞሩ። ያን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም።

"አያለሁ" አሉ።

"ከዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የማነብላቸው እኔ ነኝ። ጀርባውን ሊያነቡት አይችሉም ነበር።"

"ይህች ልጅ ልታድነኝ ነው፤ አትስሟት። አያለሁ!"

ጓድ ደምሴ ሁለታችንንም አየን። ወረቀቷን አነሣና እጃቸው ላይ አኖራት። "እንግዲያው ያንብቡልኝ" አለ።

ጋሽ ወልዴ እንደ ልማዳቸው ወረቀቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ንግርት በጥንት ግሪኮች ሃይማኖት" ብለው ጀመሩ፤ ቃል ሳይስቱ፣ ነጥቡ ጋ እያረፉ፣ ፍየሏን፣ ዛፉን፣ ንግርተኛዋን። ድምፃቸው ያምር ነበር። ወደ ፊታቸው የዞረው ግን የመሪው ንግግር ነበር። ከወፍራሙ ርእስ ጋር ዓይን ለዓይን ተፋጠው፣ "ወይ አገራችሁ ትጠፋለች፣ ወይ ንጉሣችሁ ይሞታል" ብለው ጨረሱና በኩራት ወረቀቷን ዝቅ አደረጉ።

ኅሩይ ፊቱን ሸፈነ። ጓድ ደምሴ ጠጋ አላቸው። ከዚያም በቀስታ፣ "አሁን ደግሞ ጀርባውን ያንብቡልኝ" አለ።

ገለበጧት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ጀርባውን ማንም አላነበበላቸውም ነበር። ወረቀቷ እጃቸው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ያቺ ውኃ የተረጨባት ፍየል ትዝ አለችኝ። ሁሉ እንደ ገባቸው ያየሁት ያኔ ነው። ወረቀቷን በዳበሳ ጠረጴዛው ላይ አኖሯት።

ጓድ ደምሴ አጣጥፎ ኪሱ ከተታት። በመስኮቱ ብቅ ብሎ ሾፌሩን ሞተሩን እንዲያጠፋ ነገረው። ሽማግሌው ዛሬውኑ ክፍሉን ያስረክቡ አለ። ኅሩይ ግን አላመለጠም፤ ቀበሌ ታስሮ ከርሞ፣ በኋላ ሩቅ አገር ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን አላየሁም። ጓድ ደምሴ ለምን እንደ ራራ አላወቅሁም። እናቱ ግን ወደ እንጦጦ መውጣታቸውን ቀጠሉ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ነጠላቸውን አይከናነቡም ነበር።

ጋሽ ወልዴ ካፖርታቸውን ሲለብሱ ልደግፋቸው ክንዳቸውን ያዝኩ። እጄን አነሡት።

"አስካለ፣ መታሰር ይሻለኝ ነበር" አሉኝ።

ክፍሉ ለኔ ተሰጠኝ። ጡረታ እስክወጣ ስንት ዳይሬክተር፣ ስንት መኪና ተለዋወጠብኝ፤ ከሥራዬ ሁሉ የከበደኝ ግን ያ ነው። ሰውየውን ከሞት አወጣሁ፤ ክብራቸውን ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጥዬ። ቤታቸው ድረስ ወጥቻለሁ፣ አንዴ ብቻ አይደለም። ገና ከአጥሩ ሳልደርስ በእርምጃዬ ያውቁኛል፤ "በጤና ነው?" ይላሉ ከውስጥ፣ በሩ አይከፈትም።

ሰናይት ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር፤ አስተያየት ግን አልሰጠችም። አንድ ቅዳሜ የሳምንቱን ጋዜጣ በብብቷ ይዛ እንጦጦ ወጣች። በሩ አልተከፈተላትም። ደጃፋቸው ላይ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ተቀመጠችና የፊተኛውን ገጽ ጮክ ብላ አነበበች። ጨርሳ ልትነሣ ስታጣጥፈው ከውስጥ፣ "ጀርባውስ?" የሚል ድምፅ መጣ። ገልብጣ አነበበችላቸው። በሩ ተከፈተ።

በሌላ ጊዜ፣ መኪናውን አሁን የምታንቀሳቅሰው እህቴ ናት ብትላቸው፣ "ፀን ቀስ ብላ ትምታው በያት" አሏት። ከሳቸው የደረሰኝ መልእክት ያ ብቻ ነው።

ሰናይት ትምህርቷን ጨረሰች፣ ሥራ ያዘች፣ አገባች። ጋሽ ወልዴ እስኪያርፉ ድረስ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ እየወጣች ጋዜጣ ታነብላቸው ነበር፤ ፊቱንም ጀርባውንም።